ወደ መሬት እየወደቁ ወደ መሬት መግፋት

  

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ መምህራን፣ ከባቲ፣ ከሰንበቴና ከጨፋ ሮቢት ድረስ የመጣችሁ ተማሪዎች፤ ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። አውሮፕላን መብረሩን ትቶ እየተሽከረከረ መውደቅ ሲጀምር ምን እንደሚሆን፣ አብራሪውም እንዴት ሊያድነው እንደሚችል። አብራሪዎች ይህን መሽከርከር ስፒን ይሉታል። ከስፒን ሁሉ የከፋው ደግሞ አውሮፕላኑ ሆዱን ለመሬት ሰጥቶ፣ አፍንጫውን ከአድማስ ጋር አስተካክሎ፣ እንደተጋደመ የሚሽከረከርበት ነው፤ ፍላት ስፒን ይባላል።

ይህን ከሚሴ ላይ ማንሳት ምን አመጣው የሚል አይጠፋም። ይህ አገር ከአውሮፕላን ጋር የቆየ ትውውቅ አለው፤ ትውውቁም በክፉ ቀን የተጀመረ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ሲደበድቡ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ሲተኩሱ የተነሡት ፎቶግራፍ ዓለምን ዞሯል። በዚያ ጊዜ ኢትዮጵያ የነበሯት አውሮፕላኖች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ሥራቸውም ከመዋጋት ይልቅ መልእክት ማድረስና ሰው ማመላለስ ነበር። ሚሲሲፒ ያደገው ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን በአዲስ አበባና በሰሜኑ ግንባር መካከል እየተመላለሰ መልእክት ያደርስ ነበር። የደሴን መንገድ ተከትሎ የሚበር አብራሪ ደግሞ የቦርከናን ሸለቆ ከላይ ማየቱ አይቀርም። ዛሬም ኮምቦልቻ ለሚያርፈው አውሮፕላን ቀና ብላችሁ የምታዩ ልጆች አላችሁ። ከእናንተ መካከል መሪውን የሚጨብጥ ይወጣል ብዬ ስለማምን ነው የመጣሁት፤ ያ ልጅ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ስለ አወዳደቅ ማወቅ አለበት።

ከክንፍ እንጀምር። የጨፋን ረግረግ የሚያውቅ ሰው ስለ ክንፍ ብዙ ያውቃል። በበጋ፣ ከአፋሩም ከኦሮሞውም ከአርጎባውም ወገን ከብት ወደ ረግረጉ ሲወርድ ወፉም አብሮ ይመጣል። አንድ ሽመላ ሲያርፍ አስተውላችሁ ተመልከቱ። ቁልቁል እየተንሸራተተ ይመጣና መሬት ሊነካ ክንድ ያህል ሲቀረው ደረቱን ወደ ላይ ያነሣል፤ ክንፉን ከነፋሱ ፊት ገትሮ ያቆመዋል፤ በዚያች ቅጽበት መብረሩን ያቆምና በእግሩ ይቆማል። ሽመላው ያደረገው ነገር ስቶል ነው። በክንፉ ላይ ተለጥፎ የሚፈሰው አየር፣ ክንፉ ከልክ በላይ ሲቀና መከተል አቅቶት ይላቀቃል፤ ተሸካሚው ኃይል ይወርዳል፤ ጎታቹ ኃይል ይጨምራል። ወፉ ይህን የሚያደርገው መሬት አጠገብ ሲደርስ ነው። በክንፉ ፊት በአውራ ጣቱ ቦታ ያሉትን ትንንሽ ላባዎች ከፈት አድርጎ አየሩ ቶሎ እንዳይላቀቅ ማድረግም ይችላል። ትልልቅ አውሮፕላኖች በክንፋቸው ፊት የሚዘረጉት ቅጠል የሚሠራው ይህንኑ ሥራ ነው።

ለብዙዎቹ ክንፎች አየሩ የሚላቀቅበት ያ ልክ ከሚመጣው አየር አንጻር 15 ወይም 16 ዲግሪ አካባቢ ነው። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ እንድታስቡልኝ እፈልጋለሁ። ክንፉን የሚገድለው ማዕዘኑ ነው። ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ እያገሳ፣ አውሮፕላኑም በፍጥነት እየሄደ ክንፉ ሊሞት ይችላል፤ አፍንጫው ቁልቁል ተደፍቶ እንኳ ሊሞት ይችላል። መድኃኒቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ማዕዘኑን መቀነስ፣ ማለትም መሪውን ወደፊት መልቀቅ ወይም መግፋት። ሰው እየወደቀ መሆኑን ሲያውቅ ግን እጁ መሪውን ወደ ራሱ ይስባል። በዚህ ንግግሬ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህችን ያዙልኝ፤ ቀጥሎ የምነግራችሁ ሁሉ በእሷ ላይ የቆመ ነው።

አሁን ሁለቱ ክንፎች እኩል ካልሞቱስ? አውሮፕላኑ ስቶል ላይ ሳለ አፍንጫው ወደ ግራ ቢሸሽ የግራው ክንፍ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ይወርዳልም። ወደ ታች የሚወርድ ክንፍ አየሩን ከሥሩ ስለሚቀበል ማዕዘኑ ይበልጥ ይጨምራል። ጤነኛ ክንፍ ቢሆን ይህ ተጨማሪ ማዕዘን መልሶ ያነሣው ነበር። ስቶል ውስጥ የገባ ክንፍ ግን ማዕዘኑ በጨመረ ቁጥር መሸከሙ እየቀነሰ መጎተቱ እየበዛ ይሄዳል። የቀኙ ክንፍ በተቃራኒው ከፍ እያለ ከሞት ትንሽ ያገግማል። አንዱ እየሰመጠና ወደ ኋላ እየጎተተ፣ ሌላው እየተነሣና ወደፊት እየሄደ አውሮፕላኑ ራሱን በራሱ ማሽከርከር ይጀምራል። ማንም የሚያዞረው የለም። መንስኤው ካልተወገደ እስከ መሬት ድረስ ይቀጥላል።

በአቪዬሽን መጀመሪያ ዓመታት ወደዚህ እሽክርክሪት የገባ ሰው እንደሞተ ይቆጠር ነበር። እ.ኤ.አ. ኦገስት 25 ቀን 1912 እንግሊዝ አገር በሶልዝበሪ ሜዳ የባሕር ኃይሉ መቶ አለቃ ዊልፍሬድ ፓርክ አንድ አቭሮ አውሮፕላን እያበረረ እሽክርክሪት ውስጥ ገባ። መጀመሪያ ያደረገው ማንም ሰው የሚያደርገውን ነው፤ ለሞተሩ ኃይል ጨመረ፣ መሪውን ወደ ራሱ ሳበ፣ በፔዳሉም ወደሚዞርበት አቅጣጫ ረገጠ። ሁሉም አባሰበት። መሬት ሊደርስ 50 ጫማ ያህል ሲቀረው ፔዳሉን በተቃራኒው አቅጣጫ እስከ መጨረሻው ረገጠ፤ መሽከርከሩ ወዲያው ቆመና አውሮፕላኑ ቀና አለ። ሜዳው ላይ ከነበሩት ባለሙያዎች ጋር ተቀምጠው እያንዳንዷን እንቅስቃሴ መረመሩ፣ ጻፉት፣ አሳተሙት። ፓርክ ራሱ አራት ወር ሳይሞላው በሌላ አደጋ ሞተ። የተወው ማስታወሻ ግን ከእሱ በኋላ የመጡትን ብዙ ሰዎች አተረፈ። ከአደጋ የተረፈ ሰው ያደረገውን ሳይደብቅ፣ የተሳሳተውን ጭምር ቆጥሮ መናገሩ ለእኔ በአቪዬሽን ውስጥ ካለው ሁሉ የከበረው ልማድ ነው።

አምስት ዓመት ቆይቶ ፍሬዴሪክ ሊንደማን የተባለ የፊዚክስ ሊቅ በፋርንቦሮ የመንግሥት አውሮፕላን ፋብሪካ እየሠራ መብረር ተማረና ሆን ብሎ ወደ ስፒን እየገባ፣ እየተሽከረከረ የመሣሪያዎቹን ንባብ ይዞ ወጣ። ከእሱ በፊት ከስፒን የወጣ አልነበረም ማለት አይደለም፤ የጦር አብራሪዎች በልምድ ይወጡ ነበር። ሊንደማን ያመጣው ምክንያቱን ነው። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከዕድል ወደ ትምህርት ተሸጋገረ።

ትምህርቱ ምን ይላል? ለአብዛኞቹ ትንንሽ ማሠልጠኛ አውሮፕላኖች ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የሞተሩ ኃይል ሙሉ በሙሉ ይቀነሳል። የሚሽከረከረው ፕሮፔለር አፍንጫውን ወደ ላይ ይዞ እንዲቆይ ያግዛል፤ አፍንጫው ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ ስፒኑ እየተጋደመ ይሄዳል። ቀጥሎ በክንፎቹ ጫፍ ያሉት ኤይለሮኖች መሐል ላይ ይደረጋሉ። ይህ ከባድ ትእዛዝ ነው። አንድ ክንፍ ሲወርድ ዓይንም እጅም መሪውን ወደ ሌላው ወገን አዙሮ ሊያነሣው ይፈልጋል፤ ሆኖም ይህን ሲያደርግ በሞተው ክንፍ ላይ ያለው ኤይለሮን ወደ ታች ይከፈትና የክንፉን ማዕዘን ይጨምርበታል። ሊያነሡት የፈለጉትን ክንፍ ይበልጥ ይቀብሩታል። ሦስተኛው በጭራው ላይ የቆመው መሪ፣ ራደሩ፣ ከመሽከርከሩ በተቃራኒ እስከ መጨረሻው ይረገጣል። በግማሽ መርገጥ አይበቃም። ከዚያ መሪው ቆፍጠን ባለ እጅ ወደፊት ይገፋል።

ይህን የመጨረሻውን በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱት። በመስታወቱ ውስጥ የሚታየው የሚሽከረከር መሬት ነው፤ የጤፍ ማሳ፣ ወንዝ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ እየተፈራረቁ ያልፋሉ። ሰውነት በሙሉ ከዚያ መሬት ራቅ፣ ሳብ፣ አንሣ እያለ ይጮኻል። አብራሪው ግን አፍንጫውን ወደዚያው መሬት መግፋት አለበት። መሽከርከሩ እስኪቆም ይዞ መቆየትም አለበት፤ አንድ ዙር፣ አንዳንዴ ከዚያ በላይ ምንም ለውጥ ሳይታይ ያልፋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ትክክለኛውን ነገር ያደርግና አልሠራም ብሎ ይተወዋል። መሽከርከሩ ሲቆም ራደሩ ወዲያው ወደ መሐል ይመለሳል፤ አለበለዚያ አውሮፕላኑ በሌላው አቅጣጫ መሽከርከር ይጀምራል። አፍንጫው አሁን ቁልቁል ነው፣ ፍጥነቱም ይጨምራል፤ መሪው በዝግታ ተስቦ አውሮፕላኑ ቀና ይላል። በጥድፊያ የሳበ ክንፉን እንደገና ይገድለዋል።

የአውሮፕላኑ መጽሐፍ ከዚህ የተለየ ቅደም ተከተል ካዘዘ የሚሠራው በመጽሐፉ ነው። ይህን አጥብቄ የምናገረው ለሁሉም አውሮፕላን የሚሆን አንድ የስፒን መድኃኒት ስለሌለ ነው።

ፍላት ስፒን የዚህ ማስረጃው ነው። ባቲ ገበያ ግመል ሲጫን ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ጭነቱ ወደ ኋላ ከሸሸ የፊት እግሩ ይቀላል፤ እንስሳው በፈለጉት መንገድ አይመራም። አውሮፕላንም ጓዙና ሰው በኋላ በኩል ከልክ በላይ ሲከማች የክብደቱ ማዕከል ወደ ጭራው ይሸሻል። አፍንጫው በራሱ ክብደት አልወርድ ይላል፤ በማዕከሉና በጭራው መካከል ያለው ርቀት ስለሚያጥርም ጭራው አፍንጫውን ለማውረድ ያለው ጉልበት ይቀንሳል። ሲሽከረከር ደግሞ በአፍንጫውና በጭራው ያለው ክብደት ወደ ውጭ እየተወረወረ ግንዱን አግድም ይዘረጋዋል። አየሩ የሚመጣው ከፊት መሆኑ ይቀርና ከሥር ይሆናል። ያን ጊዜ አግድም የተዘረጋው የጭራ ክንፍ ለቆመው ራደር ግርዶሽ ይሆንበታል። አብራሪው ፔዳሉን እስከ ወለል ይረግጣል፤ በራደሩ ላይ የሚፈስ አየር ስለሌለ ግን የሚመልስለት የለም። የተለመደው ስፒን አፍንጫው ወደ መሬት ያዘነበለ ስለሆነ በውስጡ መውጫው አለ። የተጋደመው ይህን ይነፍጋል።

እና ምን ይደረጋል? ሐቁን ልንገራችሁ፤ አንዳንድ አውሮፕላን ከፍላት ስፒን አይወጣም። የሚወጣው ደግሞ ሁሉም ትእዛዝ በሙሉ ኃይሉ ተሰጥቶ፣ ለብዙ ዙር ሳይለወጥ ተይዞ ነው። ክብደቱ በረዥም ግንዱ ላይ ለተከማቸ ጄት አንዳንዴ የሚረዳው ኤይለሮኑን ወደሚሽከረከርበት አቅጣጫ መስጠት ነው፤ ለትንሹ አውሮፕላን የከለከልነው ለዚህ ይታዘዛል። የስዊሱ ኤሪክ ሙለርና የአሜሪካው ጂን ቤግስ ለአክሮባት አውሮፕላኖች ያስፋፉት ዘዴም አለ፤ ኃይል መቀነስ፣ መሪውን ጨርሶ መልቀቅ፣ ራደሩን በተቃራኒ መርገጥ። ብዙዎቹን ያወጣል፤ ሁሉንም አይደለም። አዲስ አውሮፕላን የሚሞክሩ አብራሪዎች በጭራው ላይ ልዩ ጃንጥላ አስረው ይወጣሉ፤ ሌላው ሁሉ ካቃተ ጃንጥላው ተዘርግቶ ጭራውን ወደ ላይ ይጎትታል። አሜሪካ ላንግሊ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1941 ሥራ የጀመረ፣ አየር ከታች ወደ ላይ የሚነፍስበት ዋሻ አለ። ባለሙያው ትንሽ የአውሮፕላን ሞዴል በእጁ እያሽከረከረ ወደ አየሩ ይወረውራል፤ እውነተኛው አውሮፕላን ሰው ሳይሳፈርበት አወዳደቁ በዚያ ይጠናል።

ነገሩ ምን ያህል ግትር እንደሆነ ሁለት ታሪኮች ይነግሩናል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1970 በሞንታና ሰማይ ላይ ጋሪ ፋውስት የተባለ የአሜሪካ አየር ኃይል አብራሪ ኤፍ-106 ጄቱ ፍላት ስፒን ውስጥ ገባበት። የሚያውቀውን ሁሉ ሞከረ፤ አልሆነለትም፤ 15,000 ጫማ አካባቢ ላይ መቀመጫውን አስፈንጥሮ ወጣ። እሱ ሲወጣ የክብደቱ ሚዛን ተለወጠ፣ የመቀመጫው ፍንጠራም አፍንጫውን ወደ ታች ገፋው፤ ባዶው አውሮፕላን ከስፒኑ ወጣና በበረዶ በተሸፈነ የእርሻ ማሳ ላይ ማንም ሳይነካው በሆዱ አረፈ። ተጠግኖ ወደ ሥራ ተመለሰ፤ ዛሬ ኦሃዮ ውስጥ በአየር ኃይሉ ሙዚየም ቆሟል። ሁለተኛው አሳዛኝ ነው። አርት ሾል በአክሮባት ስሙ የታወቀ፣ ለሲኒማ በረራ ሲቀርጽ የኖረ አንጋፋ አብራሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 ለቶፕ ጋን ፊልም በፒትስ አውሮፕላን ሆን ብሎ ወደ ስፒን ገባ፤ አልወጣም፤ ከካሊፎርኒያ ጠረፍ ወዲያ ውቅያኖስ ውስጥ ወደቀ። አንዱ አብራሪ ትቶት የዳነ አውሮፕላን፣ ሌላው የተካነ እጅ ያላዳነው። ለዚህ ነው የፍላት ስፒን ሕክምና ከሁሉ በፊት አለመግባት የሚሆነው፤ ጭነትን መዝኖ በቦታው ማስቀመጥ፣ ስቶል መጣ ሲባል ፈጥኖ መግፋት፣ ስፒን ከጀመረም ሳይጋደም በመጀመሪያው ዙር መያዝ።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አንድሬ ማዬ የሚባል ፈረንሳዊ ፖቴዝ 25 አውሮፕላን ይዞ ከጂቡቲ አዲስ አበባ አረፈ። ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ በ1923 ዓ.ም. መባቻ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ። ከጦርነቱ በኋላ ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ቢሾፍቱ ላይ የአየር ኃይሉን ሥልጠና መሩ። እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1947 ሳፊር የተባለችውን ትንሽ የሳብ አውሮፕላን ከስቶክሆልም አዲስ አበባ ድረስ 31 ሰዓት ገደማ ሳያርፉ አበረሩ። ሳፊር ለአክሮባት የምትሆን ናት፤ የእኛ የጦር አብራሪዎች አንድ ትውልድ እጁን የፈታው በእሷ ነው። በኋላም አየር ኃይሉ ኤስኤፍ-260ን የመሰሉ ለአክሮባት የሚሆኑ ማሠልጠኛዎችን ይዟል። አየር ኃይል ውስጥ ያለፈ አብራሪ አውሮፕላኑን በጀርባው ገልብጦ፣ አሽከርክሮ፣ መልሶ ያውቀዋል። በዚህ ልንኮራ ይገባል።

የእኛ ሰማይ ግን አንድ ልዩ ነገር አለው፤ ይህን የውጭ መጽሐፍ አይነግራችሁም። ትንሽ ማሠልጠኛ አውሮፕላን በስፒን አንድ ዙር ለመዞር ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ በዚያች ዙር 500 ጫማ ያህል ይወርዳል። አሜሪካውያን ለልምምድ ወደ ስፒን የገባ ሰው ቢያንስ ከመሬት 1,500 ጫማ ከፍታ ላይ ሳለ ወጥቶ እንዲጨርስ ይመክራሉ። አብራሪው ፊት ያለው አልቲሜትር ግን የሚያሳየው ከባሕር ወለል ያለውን ከፍታ ነው። 9,000 ጫማ አሳየ እንበል። ቦሌ ላይ ከሆናችሁ መሬቱ ራሱ ከ7,600 ጫማ በላይ ነው፤ የቀራችሁ 1,400 ጫማ ያህል ብቻ ነው፣ ሦስት ዙር እንኳ አይሞላም። እዚሁ ከሚሴ ሜዳ ላይ ከሆናችሁ ከበታችሁ ከ4,000 ጫማ በላይ አየር አለ፤ ጊዜ አላችሁ። ከዚህ በስተደቡብ ምዕራብ ያለው የመንዝ አምባ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ 9,000 ጫማ ማለት መሬት ውስጥ መሆን ነው። በአንድ ጉዞ፣ በደቂቃዎች ልዩነት፣ ያው ቁጥር ሦስት ትርጉም ይኖረዋል። በዚያ ላይ በከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ አውሮፕላኑ በፍጥነት ማሳያው ላይ ከሚነበበው ይበልጥ በእውነቱ ይፈጥናል፤ ከቁልቁለት ቀና ለማለትም ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚበር ልጅ ከበታቹ ያለውን መሬት ከፍታ ሳያሰልስ ሊያስብ ይገባዋል።

ስለ ትልልቆቹ አውሮፕላኖች የሚጠይቀኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። የመንገደኛ ጄት በስፒን አይፈተንም፤ ተሠርቶ የሚሰጠው ጨርሶ ወደዚያ እንዳይደርስ ነው። ስቶል ግን ያገኘዋል፤ ያ ወደ ራስ የሚስብ እጅም በትልቁ ኮክፒት ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 2009 የኤር ፍራንስ በረራ 447 ከ38,000 ጫማ አካባቢ በሦስት ደቂቃ ተኩል ውስጥ አትላንቲክ ላይ ሲወድቅ አፍንጫው ወደ ላይ፣ መሪውም በአብዛኛው ወደ ኋላ እንደተሳበ ነበር። 228 ሰዎች አለቁ።

ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ሌሊት ከቤይሩት ወደ አዲስ አበባ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 409 በደቂቃዎች ውስጥ ሜዲትራኒያን ላይ ወደቀ፤ 90 ሰዎች አጣን። ጨለማ ነበር፣ ነጎድጓድ ነበር፣ ከሥርም ባሕር፤ ዓይን የሚይዘው አድማስ አልነበረም። የሊባኖስ መርማሪዎች በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሪፖርት የስቶል ማስጠንቀቂያው መንቀጥቀጡን፣ አውሮፕላኑ ወደ ግራ ከልክ በላይ ተጋድሞ ቁልቁል እየተጠማዘዘ መውረዱን ዘርዝሮ ምክንያቱን በአብራሪዎቹ አያያዝ ላይ አደረገ። አየር መንገዱ መደምደሚያውን አልተቀበለም። እኔ በዚህ መድረክ ፈራጅ አይደለሁም። አብራሪ ለመሆን ለሚያስብ ግን አንድ ልዩነት ከዚህ ማሳየት አለብኝ። እየተጠማዘዙ መውረድና ስፒን በዓይን ይመሳሰላሉ፤ በሁለቱም መሬት ይዞራል። በስፒን ክንፉ ሞቷል፣ ፍጥነቱም ዝቅ ብሎ ባለበት ይቆማል። በጥምዝ አወራረድ ክንፉ ሕያው ነው፣ ፍጥነቱ እየጨመረ ይሄዳል። መድኃኒታቸው የተለያየ ነው፤ በጥምዙ፣ መጀመሪያ ኃይል ተቀንሶ ክንፎቹ ይስተካከላሉ፣ ከዚያ ቀስ ተብሎ ይሳባል። ሳያስተካክሉ መሳብ ጥምዙን ያጠብቀዋል። በጨለማ፣ ሆድ ዕቃና ጆሮ የተለያየ ነገር እየተናገሩ፣ በሰከንዶች ውስጥ ይህን መለየት የሚቻለው ቀድሞ በመሣሪያ ንባብ ብዙ ተለማምዶ ነው።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ የአየር መንገዱ በረራ 302 ከቦሌ ተነሥቶ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አጠገብ ወደቀ፤ 157 ሰዎች። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸውና ረዳቱ አሕመድ ኑር መሐመድ ኑር የታገሉት ከስቶል ጋር አልነበረም። ኤምካስ የተባለው የቦይንግ 737 ማክስ ሥርዓት ስቶልን ለመከላከል ተብሎ የተሠራ ነበር። በግራ በኩል ያለው ማዕዘን ለኪ 74.5 ዲግሪ ሲል የቀኙ 15.3 ይል ነበር፤ ሥርዓቱ የተበላሸውን አንዱን ብቻ አምኖ፣ በሚገባ የሚበር አውሮፕላን አፍንጫን ደጋግሞ ወደ መሬት ደፋ። አብራሪዎቹ የኤሌክትሪክ ማስተካከያውን ቆርጠው በእጅ ለመመለስ ሞከሩ፤ በዚያ ፍጥነት በእጅ የሚዞረው የማስተካከያ መንኮራኩር ለሰው ክንድ ከባድ ነበር። ስቶል ከመብረር ዕውቀት ሁሉ የመጀመሪያው ስለሆነ መሐንዲሱም ሆነ አብራሪው ሊቀልድበት አይችልም። አብራሪው ስለ ክንፉ ሞትና ሕይወት ያለውን ዕውቀት ለአንድ መሣሪያ አሳልፎ የሰጠ ኩባንያ ያስከፈለውን ዋጋ እኛ ከፍለናል። ለሁሉም ፈጣሪ ነፍሳቸውን ይማር።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ ለግል አብራሪነት ፈተና ስፒን ማሳየትን ከግዴታ አወጣች፤ ግዴታው በአስተማሪዎች ላይ ብቻ ቀረ። ዓለምም በአብዛኛው ያንኑ መንገድ ያዘ። የዛሬዎቹ ብዙ ማሠልጠኛ አውሮፕላኖች፣ ለምሳሌ ዳይመንድ ዲኤ-40፣ ሆን ብሎ ስፒን ውስጥ መግባት የተከለከለባቸው ናቸው። ሴስና 172 በተፈቀደለት የክብደት ልክ ውስጥ ይችላል። ሲሙሌተር ብዙ ያስተምራል፤ መሬት ላይ የተተከለ ስለሆነ ግን ሰውነትን በመቀመጫው ላይ ሳያቋርጥ የሚጫነውን ኃይል አይሰጥም፤ ፍርሃቱንም አይሰጥም። እጃቸው ሳይታዘዝላቸው ሲቀር ምን እንደሚሰማ የማያውቁ ልጆች 200 ሰው ተጭኖላቸው እንዲነሡ አልፈልግም። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አውሮፕላን ከልክ ሲወጣ የመመለስ ሥልጠና እንዲሰጥ አሳስቧል። እኛ ከዚያም አልፈን ብንሄድ እወዳለሁ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሠለጥን እያንዳንዱ አብራሪ ለስፒን በተፈቀደ አውሮፕላን፣ ስፒንን ከሚያውቅ አስተማሪ ጋር፣ ቢያንስ ጥቂት ጊዜ ገብቶ ይውጣ። አውሮፕላን መግዛት ይጠይቃል፣ ሰዓትና ነዳጅ ይጠይቃል። ቢሾፍቱ ውስጥ ዕውቀቱ ያላቸው አንጋፋ የአየር ኃይል ሰዎች በሕይወት እያሉ መጀመር አለበት። አየር መንገዱና አየር ኃይሉ በዚህ ጉዳይ ቢቀመጡ ከውጭ የሚያስመጡት ዕውቀት ብዙ አይኖርም።

ለወላጆች አንድ ነገር ልበልና ላብቃ። ልጄ ፓይለት ልሁን ቢለኝ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ይገባል ወይ ብላችሁ ትጨነቁ ይሆናል። አዎ፣ ቢገባ እመርጣለሁ። የሚገባው በብሩህ ቀን፣ ከመሬት ብዙ ሺህ ጫማ ርቆ፣ ጭነቱ በሚዛን ተለክቶ፣ አጠገቡ እጁን መሪው ላይ ያደረገ መምህር ተቀምጦ ነው። መጀመሪያ ግን መሬት ላይ፣ በቆመ አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጦ ቅደም ተከተሉን እየጠራ በእጁና በእግሩ ይለማመዳል፤ ኃይል ቀንስ፣ ኤይለሮን መሐል፣ ራደር ተቃራኒ፣ መሪ ወደፊት። መምህሩ ጮክ ብሎ ግራ ሲለው ቀኙን፣ ቀኝ ሲለው ግራውን ሳያስብ እስኪረግጥ ድረስ ወደ ሰማይ አይወጣም። ሰማይ ላይ ደርሶ የመጀመሪያውን ስፒን ሲያይ ድምፁ ይጠፋበታል፤ በሁለተኛው ዙሩን መቁጠር ይጀምራል፤ ውሎ አድሮ መምህሩ እጁን ከመሪው ያነሣና ልጁ ብቻውን ያወጣዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው የሒሳብና የፊዚክስ መሠረት ከሚሴ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ይሰጣል፤ ሴት ልጆቻችሁንም ከዚህ አትከልክሏቸው። አምሳለ ጓሉ በ2010 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆናለች፤ እሷን ተከትለው የገቡም አሉ።

ስለ ክንፉ ማዕዘንና ስለ ጭነት አቀማመጥ በሰሌዳው ላይ በሥዕል ማሳየት እፈልጋለሁ። ተማሪዎች ወደፊት ቀረብ በሉ፤ መጀመሪያ የእናንተን ጥያቄ እቀበላለሁ።